ከፍትፍቱ ፊቱ፦ የተፈጥሮ ጥበቃ መልእክት ቃናና የሕዝብ ምላሽ



የአማርኛ ተናጋሪ ሕዝብ «ከፍትፍቱ ፊቱ» ሲል ስለ ማዕድ ብቻ መናገሩ አይደለም። ለእንግዳ የሚቀርበው ምግብ የቱንም ያህል የተሟላ ቢሆን አቅራቢው ፊቱን ካጠቆረ በጉሮሮ እንደማይወርድ፣ በአንፃሩም ደረቅ እንጀራ በፈገግታ ሲቀርብ እንደሚያጠግብ ማስገንዘቡ ነው። ይህ አባባል ስለ አፈር፣ ስለ ደን፣ ስለ ውኃና ስለ አካባቢ ንጽሕና ለሕዝብ በሚነገረው ቃል ላይም በትክክል ይሠራል። መልእክቱ የሚያስተላልፈው እውነት ፍትፍቱ ነው፤ የሚነገርበት ቃና ደግሞ ፊቱ ነው። ባለሙያ ዘወትር የሚጨነቀው ለፍትፍቱ ነው፤ አኃዙ ትክክል መሆኑን ይመረምራል፣ የችግኙን ዓይነት ከአየሩ ጠባይ ጋር ያመዛዝናል፣ የእርከኑን ርቀት ይለካል። ፊቱን ግን አብዛኛውን ጊዜ ለአጋጣሚ ወይም ለማስታወቂያ ጸሐፊው ይተወዋል።

የዚህ ንግግር ዓላማ ቃና የመልእክት ጌጥ ሳይሆን የመልእክቱ አካል መሆኑን ማስረዳት ነው። የሚሰማው ሰው ከቃሉ አስቀድሞ ከቃናው የሚረዳው ነገር አለ፤ ይኸውም ተናጋሪው እርሱን ምን አድርጎ እንደሚያየው ነው። እንደ ጥፋተኛ፣ እንደ ሕፃን፣ እንደ ጉልበት ሠራተኛ ወይስ እንደ ባለቤት? ቀጥሎ የሚሠራው ሥራ፣ ችግኙን ተክሎ መሄዱ ወይም ተክሎ መንከባከቡ፣ በአብዛኛው በዚህ መልስ ላይ ይመሠረታል።

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ብዙ መሣሪያ ያለው ቋንቋ ነው። «ዛፍ አትቁረጥ»፣ «እባክዎ ዛፍ አይቁረጡ»፣ «ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው»፣ «ዛፉን አንቁረጥ»፣ «ይህ ዛፍ አይቆረጥም» የሚሉት አምስት አነጋገሮች የሚከለክሉት አንድ ድርጊት ነው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ታላቅ ለታናሽ፣ ጌታ ለሎሌ የሚናገረው ነው። ሁለተኛው የሰሚውን ክብር አስቀድሞ ይለምናል። ሦስተኛው ተናጋሪም ሰሚም የለውም፤ የመሥሪያ ቤት ድምፅ ነው። አራተኛው ተናጋሪውን ከሰሚው ጋር በአንድ ወገን ያቆማል። አምስተኛው ትእዛዝ ሳይመስል የቦታውን ወግ ይናገራል፤ እንግዳ ሰው እንኳ ሲሰማው በዚህ አገር እንዲህ ዓይነት ልማድ እንዳለ ይረዳል። ከአምስቱ አንዱን የመረጠ ጸሐፊ ቃል ብቻ ሳይሆን ከሕዝቡ ጋር የሚኖረውን ዝምድና ጭምር መርጧል።

በኢትዮጵያ ባህል ውስጥ ሁለት ታላላቅ የመልእክት ቃናዎች ጎን ለጎን ኖረዋል። አንዱ የአዋጅ ነጋሪው ነው። ነጋሪት ጎስሞ፣ በገበያ መካከል ቆሞ፣ «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» ይላል፤ መልስ አይጠብቅም፣ ክርክርም አይቀበልም። ሁለተኛው የሽማግሌው ነው። ለጋብቻ የተላኩ ሽማግሌዎች ከደጅ ደርሰው «ግቡ፣ ተቀመጡ» ሲባሉ፣ የመጡበት ጉዳይ ሳይፈጸም እንደማይቀመጡ ተናግረው ቆመው ይለምናሉ። ቃላቸው ብቻ ሳይሆን አቋቋማቸው ራሱ መልእክት ነው፤ እሺ ማለትም እንቢ ማለትም የባለቤቱ መብት እንደ ሆነ ይመሰክራል። ሕዝቡ ሁለቱንም ያውቃል፤ ለሁለቱም ስፍራ አለው። አዋጅ ፈቃድ ለማይጠየቅበት ነገር ነው፤ ሽምግልና ያለ ሰሚው ፈቃድ ለማይፈጸም ነገር ነው። እንግዲህ ለባለሙያው የሚቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ ዛፍ መትከልና መንከባከብ፣ እርከን መሥራትና መጠገን፣ ቆሻሻን በስፍራው መጣል ከሁለቱ ለየትኛው ይመደባል?

ጥያቄው በአባባልና በልማድ ብቻ የሚመለስ አይደለም። በሌሎች አገሮች የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በሙከራ ፈትነውታል፤ ከግኝታቸው ጥቂቱን መመልከት ይጠቅማል።

በቅድሚያ የሚመጣው የማስፈራሪያ ቃና ነው። የተፈጥሮ ጥበቃ ባለሙያ የሚያውቀው ነገር ራሱ የሚያስፈራ ስለ ሆነ ይህን ቃና መምረጡ አያስደንቅም። ለምሳሌ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው የኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ጥናት ከደጋው በየዓመቱ 1.9 ቢሊዮን ቶን ያህል አፈር እንደሚሸረሸር ገምቷል። አኃዙ ለሚኒስትርና ለለጋሽ ድርጅት ብዙ ይናገራል። ግማሽ ሄክታር ለሚያርስ ገበሬ ግን ምን ይነግረዋል? ጥፋቱ ግዙፍ፣ እጁ ግን ትንሽ መሆኑን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1965 ሃዋርድ ሌቨንታልና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ስለ መንጋጋ ቆልፍ በሽታ ያደረጉት ሙከራ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። አንዳንዶቹ ተማሪዎች እጅግ የሚያስፈራ ጽሑፍ፣ ሌሎቹ ለዘብ ያለ ጽሑፍ ተሰጣቸው። አስፈሪውን ያነበቡት አሳባቸው ይበልጥ ተለወጠ፤ መከተብ ተገቢ ነው አሉ። ሄደው መከተብን በተመለከተ ግን ልዩነት ያመጣው ፍርሃቱ አልነበረም። የክሊኒኩን ካርታ የተሰጣቸውና መቼ እንደሚሄዱ አስቀድመው እንዲያቅዱ የተደረጉት 28 በመቶ ያህሉ ሲከተቡ፣ ይህን ካላገኙት የተከተቡት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ከጊዜ በኋላ ኪም ዊት የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 ነገሩን በንድፈ አሳብ አብራራችው። የፈራ ሰው ማምለጫውን ካየ አደጋውን ይቋቋማል፤ ማምለጫ ካላየ ግን የሚታገለው ከአደጋው ጋር ሳይሆን ከፍርሃቱ ጋር ነው። ወሬውን ይንቃል፣ ይቀልድበታል፣ ወይም ጆሮውን ይደፍናል። ሳፍሮን ኦኒልና ሶፊ ኒኮልሰን ኮል እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ አየር ንብረት ለውጥ ባወጡት ጥናትም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። አስፈሪ ሥዕል የሰውን ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን ጉዳዩ የሩቅ፣ ከአቅሙም በላይ የሆነ እንዲመስለው ያደርጋል።

ማስፈራራት ሌላም ዕዳ አለው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ 40 በመቶ የሚሆነው የኢትዮጵያ ምድር በደን የተሸፈነ እንደ ነበረና ከዚያም ወደ ጥቂት በመቶ እንደ ወረደ ለብዙ ዓመታት በሪፖርትና በንግግር ሲደጋገም ኖሯል። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ጽሑፍ ይህን ትረካ መርምሮ መሠረቱ ደካማ መሆኑን አሳይቷል። የደን መመናመን በብዙ ስፍራ እውነት ነው። ነገር ግን አያቱ በዚያው ኮረብታ ላይ ሣር እንጂ ደን እንዳልነበረ የነገሩት ገበሬ የተጋነነውን አኃዝ ሲሰማ እውነተኛውንም አብሮ ይጥለዋል። ለማስፈራራት የተነፋ ቁጥር በመጨረሻ የሚያስከፍለው አመኔታን ነው።

ሁለተኛው የወቀሳ ቃና ነው። «ሁሉም ሰው ደኑን እየጨፈጨፈ ነው»፣ «ሕዝቡ ቆሻሻውን በየመንገዱ ይጥላል» የሚለው አነጋገር በስብሰባና በራዲዮ ዘወትር ይደመጣል። ተናጋሪው ሕሊናን ለመቀስቀስ ያስባል። በአሜሪካ በአሪዞና ክፍለ ግዛት፣ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ወደ ድንጋይነት የተለወጡ ግንዶች የሚገኙበት ብሔራዊ ፓርክ አለ። ጎብኚዎች ስብርባሪ እያነሡ ስለሚወስዱ ፓርኩ ያቆመው ሰሌዳ ቅርሱ በየቀኑ እንደሚዘረፍና በየጥቂቱ እየተወሰደ በዓመት 14 ቶን እንደሚጠፋ ይናገር ነበር። ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቹ በዚያው ፓርክ ምልክት የተደረገባቸው ስብርባሪዎች በጎብኚ መንገድ ላይ አስቀምጠው ሁለት ዓይነት ሰሌዳ ፈተኑ። ብዙ ጎብኚዎች ድንጋይ መውሰዳቸውን የሚናገረው ሰሌዳ በቆመበት ጊዜ 7.92 በመቶው ተወሰደ። ጎብኚው እንዳይወስድ በትሕትና የሚለምነው ሰሌዳ ሲቆም ግን የተወሰደው 1.67 በመቶ ብቻ ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። «ብዙ ሰው ያጠፋል» የሚለው ወቀሳ በውስጡ ሌላ ወሬ ይዟል፤ ይኸውም ማጥፋት የተለመደ መሆኑን ነው። ሰው ከወቀሳው ይልቅ ወሬውን ይይዛል። ሁሉም የሚያደርገውን ብቻውን የሚተው ሰው ሞኝ ወይም ተጎጂ መስሎ ይታየዋል። ስለዚህ ሰባት ገበሬዎች እርከናቸውን ጠግነው ሦስት ባልጠገኑበት መንደር፣ በስብሰባ ላይ ሦስቱን ብቻ እያነሣ የሚቆጣ የልማት ሠራተኛ ሳያውቀው የሦስቱን ወገን ያበዛል።

ሦስተኛው የትእዛዝ ቃና ነው። ጃክ ብሬም የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1966 እንዳስረዳው፣ ሰው ነፃ ምርጫው እንደ ተነካ ሲሰማው የተከለከለውን ይበልጥ ይሻል፤ የታዘዘውንም ይሸሻል። ይህ ግን ትእዛዝ ሁልጊዜ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። አን ክሮንሮድ፣ አሚር ግሪንስታይንና ሉክ ዋቲዩ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት ነገሩን አጥርተው አሳይተዋል። ሰሚው ጉዳዩን ራሱ እንደ ከባድ ነገር የሚያየው ከሆነ ቆፍጠን ያለ የትእዛዝ ቃል ይበልጥ ይሠራል። ጉዳዩን ቀላል አድርጎ ለሚያየው ሰሚ ግን ያው ቃል ተቃውሞን ይቀሰቅሳል፤ ለእርሱ የሚስማማው ለስላሳው አነጋገር ነው። በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚሠራበት ልማድ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሕዝቡ ቸልተኛ በመሰለ ቁጥር ድምፅ ከፍ ይላል፣ ቃል ይመርራል።

ትእዛዝ ስፍራው የት እንደ ሆነ አንድ ምሳሌ ያሳያል። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ጀሪካን ለመጠጥ ውኃ መያዣ የሚያውል ቤተሰብ ይመረዛል። እዚህ ላይ «ባትጠቀሙበት መልካም ነው» ብሎ ማለዘብ ጥፋት ነው። አደጋው ቅርብ፣ መፍትሔውም በእጅ ያለ ስለ ሆነ «ለውኃ አትጠቀሙበት፤ ብሱትና ከጥቅም ውጭ አድርጉት» የሚለው አጭር ትእዛዝ ተገቢ ነው። በበጋ ወራት በደን ዳር እሳት እንዳይለኮስ መከልከልም እንዲሁ ነው። ይህ የአዋጅ ነጋሪው ስፍራ ነው። ለአሥር ዓመት ውኃ እየተጠጣ፣ እየታጠረና እየተኮተኮተ የሚያድግ ዛፍ ግን በአንድ ቀን አዋጅ አይጸድቅም።

አራተኛው የጎረቤት ቃና ነው። ዌስሊ ሹልትዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት በካሊፎርኒያ በሳን ማርኮስ ከተማ ለሚኖሩ ቤተሰቦች እነርሱና ጎረቤቶቻቸው ምን ያህል የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚጠቀሙ የሚገልጽ ወረቀት በየበራቸው ተደረገላቸው። ከጎረቤቶቻቸው በላይ ይጠቀሙ የነበሩት ቀነሱ። ከጎረቤቶቻቸው በታች ይጠቀሙ የነበሩት ግን በአንፃሩ ጨመሩ፤ «ለካ ከሁሉ ይልቅ የምንቆጥበው እኛ ነን» ያሉ ይመስላል። ተመራማሪዎቹ በወረቀቱ ላይ ለቆጣቢዎቹ አንዲት የምትስቅ ፊት ሲስሉላቸው ግን ቁጠባቸውን ጠብቀው ቆዩ። እዚህ ላይ «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለው አባባል ቃል በቃል ተፈጽሟል። መልካም የሠራ ሰው መልካምነቱ እንደ ታየለት ማወቅ ይሻል።

ለስላሳ ቃል ብቻ ይሠራል ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ይሆናል። በአሜሪካ የቴክሳስ ክፍለ ግዛት የመንገድ መሥሪያ ቤት በአውራ ጎዳና ዳር የሚጣለውን ቆሻሻ ለመቀነስ እ.ኤ.አ. በ1986 በቴሌቪዥን የጀመረው ዘመቻ መፈክር ትሑት አልነበረም። «ዶንት ሜስ ዊዝ ቴክሳስ» ይላል፤ ማቆሸሽንም መተናኮልንም በአንድ ቃል ይዞ «ቴክሳስን እንዳትነካ» እንደ ማለት ነው። መልእክቱ ያነጣጠረው ልመናም ተግሣጽም በማይሰሙት ጎልማሳ ሾፌሮች ላይ ነበር፤ የተናገሩትም የሚወዷቸው የክፍለ ግዛቱ ሙዚቀኞችና ስፖርተኞች ነበሩ። እስከ 1990 ድረስ በመንገድ ዳር የሚገኘው ቆሻሻ 72 በመቶ እንደ ቀነሰ ተዘግቧል። ቃሉ ኃይለኛ ነበር፤ ነገር ግን ሰሚውን ጥፋተኛ አላደረገውም፤ የአገሩ ዘብ አደረገው እንጂ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቃና በጥንካሬና በልስላሴ ብቻ እንደማይለካ ነው። ዋናው መለኪያ ለሰሚው የሚሰጠው ስፍራ ነው።

ይህን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ ትልቁ ትምህርት የሚገኘው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከተካሄደው የአፈርና የደን ጥበቃ ዘመቻ ነው። ከ1966ቱ ረሀብ በኋላ የተጀመረው ሥራ፣ በተለይም በዓለም የምግብ ፕሮግራም ርዳታ በ«ምግብ ለሥራ» የተካሄደው፣ በአፍሪካ ከታዩት የዚህ ዓይነት ሥራዎች እጅግ ሰፊ ከሆኑት አንዱ ነበር። በገበሬ ማኅበራት አማካይነት በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ተሰልፎ እርከን ሠራ፣ ኮረብታ ከለለ፣ ችግኝ ተከለ። ብዙ ባለሙያዎች በቅን ልቡና ደክመውበታል፤ የአፈሩ መሸርሸርም እውነተኛ አደጋ ነበር።

የዘመኑ የመልእክት ቃና ግን የጦር ሜዳ ቃና ነበር። ሥራው «ዘመቻ»፣ ሠራተኛው «ዘማች»፣ ድርቅ «ጠላት» ተባለ፤ መፈክሮችም ተፈጥሮን በቁጥጥር ሥር ስለ ማዋል ይናገሩ ነበር። የቱ ኮረብታ እንደሚከለልና የቱ ዛፍ እንደሚተከል በአብዛኛው ከላይ ተወስኖ ይወርድ ነበር። ሣሩን ማን እንደሚያጭድ፣ ዛፉ ሲደርስ ማን እንደሚቆርጥ ግን ግልጽ አልነበረም። ቃሉ «የሕዝብ ደን» ይል ነበር፤ ቃናው ግን የመንግሥት ደን መሆኑን ይናገር ነበር። ገበሬው ያመነው ቃናውን ነው። በ1982 ዓ.ም. የኢኮኖሚው ፖሊሲ ሲላላ፣ በኋላም በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ፣ በብዙ ስፍራ እርከኖች ፈረሱ፤ ለዓመታት የተደከመባቸው የማኅበር ደኖችም በአጭር ጊዜ ተቆረጡ። መጥረቢያ ያነሡት እጆች አብዛኛውን ጊዜ ችግኞቹን የተከሉት እጆች ነበሩ።

ለዚህ ጥፋት ምክንያቱ የአነጋገር ቃና ብቻ ነበር ማለት አይቻልም። የመሬት ይዞታ ዋስትና ማጣት፣ የሰፈራና የመንደር ምሥረታ ምሬት፣ የማገዶና የግጦሽ እጥረት ሁሉ ተደምረዋል። ይሁን እንጂ ቃናው የነዚህ ሁሉ መስተዋት ነበር። ፈቃዱ ያልተጠየቀ ሰው ሥራውን እንደ ዕዳ ይሠራዋል፤ አስገዳጁ ዞር ሲል ዕዳው ተሰረዘ ይላል።

በአንፃሩ በዚያው አገር፣ በዚያው ዘመን፣ ያለ ዘመቻ የቆሙ ደኖች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። በጎጃም፣ በጎንደርና በሌሎችም የሰሜን ክፍሎች ከርቀት ሲታዩ በታረሰ ሜዳ መካከል እንደ ደሴት የቆሙት የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ናቸው። ዛፉ የደብሩ ልብስና ክብር ተደርጎ ስለሚታይ «ይህ ዛፍ አይቆረጥም» የሚለው ቃል የሚነገረው እንደ ክልከላ ሳይሆን እንደ ወግ ነው። ያም ሆኖ ከብት እየገባ ቡቃያውን ስለሚበላው ደኖቹ ከዳር እየሳሱ ሄደዋል። የደን ሊቁ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ለካህናቱ ደኖቹ ከሰማይ የተነሡበትን ፎቶግራፍ አሳዩአቸው። ካህናቱ የደብራቸውን ደን ትንሽነትና በዙሪያው ያለውን ምድር ራቁትነት በዓይናቸው አዩ። ከዚያ በኋላ በበርካታ ስፍራዎች ምእመናን ከእርሻቸው የለቀሙትን ድንጋይ እየካቡ የደኑን ዳር ማጠር ጀመሩ። በዚህ መልእክት ውስጥ ወቀሳም ማስፈራሪያም አልነበረም፤ የሚጠብቁትን ነገር ለጠባቂዎቹ ማሳየት ብቻ በቂ ሆነ።

ሁለተኛው ምሳሌ በወላይታ የሚገኘው የሁምቦ ተራራ ነው። እዚያ ወርልድ ቪዥን ከሕዝቡ ጋር ከሠራው ሥራ አብዛኛው አዲስ ችግኝ መትከል ሳይሆን ከቀሩት ጉቶዎች የሚያቆጠቁጠውን መንከባከብ ነበር። በመጀመሪያ ነዋሪዎቹ መሬቱ ሊወሰድብን ነው ብለው ተጠራጥረው ነበር። ጥርጣሬውን ያነሣው ጣፋጭ ቃል ብቻ አልነበረም። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው በደኑ የመጠቀም መብት በጽሑፍ ተረጋገጠላቸው። ሥራው 2,728 ሄክታር የሚሸፍን ሲሆን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2009 በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት አሠራር ተመዝግቦ ማኅበራቱ ከካርቦን ሽያጭ ገቢ ለማግኘት በቁ። «ደናችሁን ጠብቁ» የሚለው ቃል በሁምቦም በ1970ዎቹ ዘመቻም ተነግሯል። በሁምቦ ግን «ደናችሁ» የሚለው ቃል ማኅተም ነበረው።

በቅርቡ ዘመን የታየውም ለውጥ ሊመረመር ይገባዋል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የችግኝ ተከላ እንቅስቃሴ «አረንጓዴ አሻራ» ተባለ። ስሙ ራሱ የቃና ለውጥ ነው፤ «ዘመቻ» ሰውን ከሰልፍ ቁጥር ሲያደርገው «አሻራ» ግን የራሱን ምልክት እንዲተው ይጋብዘዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቋል። የደስታና የበዓል ቃና ሰውን ከቤቱ ለማውጣት ታላቅ ኃይል እንዳለው ይህ ይመሰክራል። ሆኖም የተከላ ቀን አንድ ቀን ነው፤ የመጽደቅ ጊዜ ግን ዓመታት ነው። የበዓሉ ቃና በጥቅምት ፀሐይ ለደረቀው አፈር፣ በጥር ለሚገባው ከብት አይደርስም። ለተከላው ጥሪ እንደ ተዘጋጀለት ሁሉ ለእንክብካቤውም የራሱ ቃና ያስፈልገዋል፤ እርሱም የበዓል ሳይሆን የቤት ቃና፣ በየወሩ የሚጠይቅና የጸደቀውን ቆጥሮ የሚያመሰግን ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለማኅበሩ አባላት የዕለት ሥራ ምን ይጠቅማል? አንድ ባለሙያ ማስታወቂያ ከመጻፉ፣ ስብሰባ ከመጥራቱ ወይም ራዲዮ ላይ ከመቅረቡ በፊት አምስት ጥያቄ ራሱን ቢጠይቅ ብዙ ድካም ይድናል።

አንደኛ፣ ሰሚው ጉዳዩን ምን ያህል ከባድ አድርጎ ያየዋል? ከባድ መሆኑን የሚያውቅ ከሆነ ቃሉ አጭርና ቆፍጣና ሊሆን ይችላል፤ ካልሆነ ከማዘዝ በፊት ማወያየት ይቀድማል። ሁለተኛ፣ የተጠየቀውን ለመፈጸም አቅምና መሣሪያ አለው? ማገዶ የሌላትን እናት ዛፍ እንዳትቆርጥ ማስፈራራት ጭንቀቷን ከማብዛት በቀር ዛፉን አያድነውም፤ መልእክቱ ስለ ቆጣቢ ምድጃ ወይም ስለ ማገዶ ተክል ሲናገር ግን መንገድ ያሳያል። ሦስተኛ፣ መልእክቱ ሳያስበው ጥፋትን የተለመደ ነገር አድርጎ አላቀረበም ወይ? አራተኛ፣ ተናጋሪው ማን ነው? በጎረቤት፣ በካህን፣ በሼህ ወይም በእድር ዳኛ አፍ ሲነገር ምክር የሚሆነው ቃል በመሥሪያ ቤት ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ዛቻ ይሆናል። አምስተኛና ከሁሉ የሚበልጠው፣ ቃሉ የሚሰጠውን ክብር ሥራው ያጸናዋል ወይ?

አንድ ምሳሌ ነገሩን ያጠቃልለዋል። በአንድ በተከለለ ኮረብታ ሥር «በዚህ ክልል ውስጥ ከብት ማሰማራትም ሆነ ሣር ማጨድ በጥብቅ የተከለከለ ነው፤ ተላልፎ የተገኘ በሕግ ይቀጣል» የሚል ሰሌዳ ቆሟል እንበል። በዚያው ስፍራ ሌላ ሰሌዳ ሊቆም ይችላል፦ «ይህ ኮረብታ በቀበሌው ሕዝብ ውሳኔ እንዲያርፍ ተደርጓል። ሣሩን በኅዳር አጭደን እንካፈላለን። እስከዚያ ከብቶቻችንን እናርቅ።» ሁለተኛው ሕጉን አልሻረም፤ ከብትም አላስገባም። ነገር ግን ውሳኔው የማን እንደ ሆነ፣ ጥቅሙ መቼ እንደሚመጣ፣ ሥራውም የጋራ መሆኑን ይናገራል። ጥብቅ ማስጠንቀቂያም አለው፤ ሕዝቡ በእውነት ሳይወስን፣ ሣሩም በእውነት ሳይከፋፈል እንዲህ ያለ ሰሌዳ ማቆም ከመጀመሪያው የከፋ ነው። የተታለለ ሰው ከታዘዘ ሰው ይልቅ ይቆጣል፤ ቀጣዩንም ባለሙያ አያምንም።

ስለዚህ ቃናን ማሳመር ማለት መራራን ነገር በማር መለወስ ማለት አይደለም። «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚል ምሳሌያዊ አነጋገር አለ። በሰው የግል ጠባይ ላይ ይህ ይበቃ ይሆናል፤ በአፈር ላይ ግን አይበቃም፤ መከራው እስኪመክር አፈሩ ወደ ወንዝ ወርዷልና። ምክሩ አስቀድሞ ተሰሚ መሆን አለበት፤ ተሰሚ የሚያደርገውም መካሪው የተመካሪውን ባለቤትነት ማክበሩ ነው።

የማኅበሩ አባላት የእርከንን ዳገት በውኃ ልክ ይለካሉ፤ የአፈርን ጠባይ በላቦራቶሪ ይፈትሻሉ። የሚናገሩትን ቃልም በዚያው ጥንቃቄ ቢፈትሹት፣ ማስታወቂያው ከመታተሙ በፊት ለሁለትና ለሦስት ገበሬዎች አንብበው «ይህን ስትሰሙ ማን የተናገራችሁ መሰላችሁ?» ብለው ቢጠይቁ፣ መልሱ ብዙ ነገር ያስተምራቸዋል። ገበሬዎቹ «መንግሥት» ወይም «ተቆጪ» ካሉ ጽሑፉ ገና አልደረሰም። «ከእኛው አንዱ» ካሉ ሊታተም ይችላል።